ደሴ ላይ ለግቢዬ የአገር ቁጥቋጦና ትንንሽ ዛፍ ልተክል ነው፤ ከየት ልጀምር?

የጦሳ ሥር ልጅ (ደሴ) — ግንቦት 6

ሰላም ለሁላችሁ። ዓምና ከጦሳ ተራራ ሥር ቤት ሠርተን ገባን። ቤቱ አለቀ፣ ግቢው ግን ባዶ ነው። ፊት ለፊት 12 በ8 ሜትር የሚሆን ቦታ አለ። ከጀርባ ደግሞ በቆርቆሮ አጥሩ ሥር አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ጠባብ መሬት አለ። አሁን ያለበት የተረፈ አሸዋ፣ የብሎኬት ስብርባሪና አረም ነው።

ችግኝ የሚሸጥ ሰው ጋ ሄጄ ነበር። ያሳየኝ ዱራንታ፣ የፈረንጅ ጥድ፣ ግራቪሊያና ጃካራንዳ ነው። «የአገር ተክል የለህም?» ስለው «ማን ይገዛዋል?» አለኝ። ይቺ ቃል ከሆዴ አልወጣችም። አያቴ ኩታበር ነበረች። ከበሩ በስተግራ ጌሾ፣ በስተቀኝ ግራዋ፣ ከጓሮ ቀጋ ነበራት። ቀጋው ሲያብብ ሽታው ቤት ድረስ ይገባ ነበር። ልጆቼ ያንን አያውቁትም። አንዱ 4፣ አንዷ 9 ዓመቷ ነው።

ትልቅ ዛፍ አልፈልግም፣ ግድግዳ እንዳይሰነጥቅብኝ እፈራለሁ። አጥሩን የሚሸፍን፣ አበባ ያለው፣ ወፍ የሚጠራ ነገር ብትጠቁሙኝ። ውሃ በፈረቃ ነው፣ በሳምንት ሁለቴ ቢመጣ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ቶሎ የሚደርስ ካልሆነ አይሆንም ብሏል። ምን ትላላችሁ?

ጋሽ ችግኝ (ሐይቅ) — ግንቦት 6

ልጄ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ። ችግኝ ጣቢያ 26 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። «ማን ይገዛዋል» የምትለዋን ቃል እኔም ስሰማት ነው የኖርኩት። ሰው ስለማይጠይቅ አይፈላም፣ ስለማይፈላ ሰው አያየውም። ስለዚህ ሂጂና ደግመሽ ጠይቂው። ሦስት አራት ሰው ከጠየቀው ያፈላዋል።

መጀመሪያ ተክሉን ተይውና መሬትሽን እይ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርጂ ጃኬት የምታወልቂው ለዚህ ነው። እዚያ የሚያምርበት ሁሉ እናንተ ጋ አያምርበትም።

ከዚያ አንድ ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሪና ውሃ ሙይበት። በማግሥቱ ጠዋት ሂጂና እይው። ውሃው ካለ አፈርሽ ዋልካ ነው፣ ሥር ያፍናል። እንዲህ ከሆነ ጉድጓድ ውስጥ ሳይሆን ከፍ ባለ መደብ ላይ ትተክያለሽ። የብሎኬትና የሲሚንቶ ፍርፋሪውንም ልቅም አድርጊ። ሲሚንቶ የነካውን አፈር ብዙ ተክል አይወደውም።

ለአጥሩ ሰንሰል እላለሁ። ስሚዛ የሚሉትም አሉ። ክረምት ሲገባ ከጎለመሰው ግንዱ ክንድ የሚያህል ቆርጠሽ ግማሹን መሬት ውስጥ ስኪው፣ ይይዛል። በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ደርድሪው። አበባው ነጭ ነው፣ ንብ አይለየውም። ከብትም ብዙ አይደፍረውም። ሁለት ክረምት ሲያልፍ ቆርቆሮሽ አይታይም።

ከሰንሰሉ መሀል ኮሽም ጣልቃ አስገቢ። እሾኹ ፍየልም ሌባም ያቆማል። ፍሬው ሲበስል ቢጫ ነው፣ ይኮመጥጣል፣ ልጆች ይወዱታል። አንድ ነገር ግን እወቂ። ኮሽም ወንዱ ለብቻ፣ ሴቷ ለብቻ ነው። አንድ ብቻ ብትተክይ ፍሬ ሳታዪ ልትቀሪ ትችያለሽ። ቢያንስ አምስት ትከይ።

ለፊት ለፊቱ አንፋር። ይሄን ዛፍ ሰው ረስቶታል፣ እኔን ያሳዝነኛል። አበባው ብርቱካንማ ሆኖ በዘለላ ይወጣል፣ ሽታው ማር ማር ይላል። ቅጠሉ ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥር ነጣ ያለ ነው። ነፋስ ሲገለብጠው ማየት ነው። ቶሎ ያድጋል፣ በየዓመቱ እየከረከምሽ በፈለግሽው ቁመት ታቆሚዋለሽ።

ዋርካና ሾላ ግቢ ውስጥ አይገቡም፣ ሥራቸው መሠረት ይፈነቅላል። ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛም ለ12 በ8 ሜትር ይበዛሉ። ወይራ ግን አንድ ትከይ፣ ከግድግዳው አራት ሜትር ራቅ አድርገሽ።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ) — ግንቦት 7

አሰላሙ ዓለይኩም። ጋሼ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው። እኔ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር።

ከሰባት ዓመት በፊት «አጥር ይሆንሃል፣ ውሃ አይፈልግም» ብሎ አንድ ሻጭ የወፍ ቆሎ ሸጠልኝ። አበባው ቢጫና ሮዝ ነው፣ ዓይን ይስባል። በሁለት ዓመት አጥሩን ዋጠው። በሦስተኛው ዓመት ከአጥሩ ውጭ አየሁት። ወፍ ፍሬውን ትበላና ሄዳ በየሜዳው ትጥለዋለች። የጎረቤቴ ማሳ ዳር በቀለ፣ ቦይ ውስጥ በቀለ። ቅጠሉን የበላ ከብት ይታመማል። አገሩ ወዲያ አሜሪካ አህጉር ነው፣ እኛ ጋ የሚያቆመው ነገር የለም። ቆርጬው ከሥሩ አቆጠቆጠ። ነቅዬ ለመጨረስ ሁለት ክረምት ፈጀብኝ፣ አሁንም ቡቃያ ባየሁ ቁጥር እነቅላለሁ። ጎረቤቴን ይቅርታ ጠይቄአለሁ።

በቦታው አጋምና ክትክታ ተከልኩ። ክትክታ ድንጋይ ላይ እንኳ ይበቅላል፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ሲከረከም ግድግዳ ይመስላል። አጋሙ ቀስ ይላል፣ ግን አበባው ሲወጣ ማታ ማታ መንገደኛው ቆም ብሎ ያሸታል። ፍሬው ጠቁሮ ሲበስል የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አጥሬ ሥር ነው። እኔም አልከለክልም።

ወልድያ መናኸሪያ (ወልድያ) — ግንቦት 7

አትቀየሙኝ፣ እውነቱን ልናገር። የአገር ዛፍ ሸጋ ነው፣ ግን ዘገምተኛ ነው። ባለቤቷ የተናገረው ገብቶኛል። ሰው ቤት ሠርቶ አሥር ዓመት ቆርቆሮ እያየ መቀመጥ የለበትም። የፈረንጅ ጥድ በአራት ዓመት አጥር ሆኖልኛል። ዳር ዳሩን እሱን ተክላ መሀሉን የአገር ብታደርግ ምን አለበት?

ጋሽ ችግኝ (ሐይቅ) — ግንቦት 7

ወንድሜ፣ አልቀየምም። ዘገምተኛው ወይራ ነው፣ የሐበሻ ጥድ ነው። አገራችን ግን ፈጣንም አላት። ግራዋ በአንድ ክረምት ሰው ያክላል። ሰንሰልም፣ አንፋርም፣ ብሳናም እንዲሁ። «የአገር» ሲባል ሰው ወይራን ብቻ ስለሚያስብ ነው ስሙ የጠፋው።

የፈረንጅ ጥድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። እኔም በሺህ የሚቆጠር አፍልቼአለሁ፣ ለጣውላ ጥሩ ነው። ለአንድ ሜትር ተኩል መሬት ግን አይሆንም። ተፈጥሮው ሠላሳ ሜትር ሊወጣ የሚፈልግ ዛፍ ነው። በየዓመቱ ካልቆረጥከው አጥርነቱ ቀርቶ ደን ይሆንብሃል። ሥሩ ደግሞ አጠገቡ ያለውን እርጥበት ይመጥጣል። በፈረቃ ውሃ ለምትኖር ሴት ይሄ ከባድ ነው።

የጃሪዋ እናት (ተሁለደሬ) — ግንቦት 9

የምጽፈው በልጄ እጅ ነው። እናንተ ስለ አበባና ስለ አጥር ታወራላችሁ፣ ደግ ነው። ግቢ ግን ጓዳም ነው። አንቺ ልጅ፣ ከኩሽናሽ በር አምስት እርምጃ ሳትሄጂ የሚገኝ ነገር ትከይ።

ዳማከሴ ትከይ። ልጅ ምች ሲመታው ሌሊት ማን ቤት ትሄጃለሽ? ቅጠሉን ጨምቀሽ ነው። ቅርንጫፉን ቆርጠሽ ጥላ ያለበት ብትተክይው ይይዛል። ኮሰረት ትከይ፣ ቅቤ ስታነጥሪ ከገበያ የደረቀ አትለምኚም። እርጥቡ ሽታው ሌላ ነው። ግራዋ ካልሽማ ምን እናገራለሁ። ጋን በግራዋ ካልታጠበ ታጠበ አይባልም። ወተቱ ዕቃ በወይራ ካልታጠነ ወተት አይባልም። ቆላ ቀመስና ድንጋያማ ቦታ ላላችሁ ጥንጁትም አለ፣ ጭሱ ልብ ያርሳል።

ጌሾ አለኝ፣ ስድስት እግር። እኔ ለቀሪቦ፣ ለማያሰክረው መጠጣችን፣ ጌሾ አልፈልግም። ክርስቲያን ጎረቤቶቼ ለፋሲካና ለገና ጠላ ሲጠምቁ ከኔ ነው የሚለቅሙት። ለረመዳን ደግሞ እነሱ ናቸው የሚያስቡልኝ። ጌሾውን እናቴ ነች የተከለችው፣ ለነሱው ብላ።

ጥግ ላይ ቦታ ከተረፈሽ አንድ ኮባ ጣል አድርጊ። ቁጥቋጦ አይደለም አትበሉኝ። ድፎ ዳቦ በምን ሊጋገር ነው?

የጦሳ ሥር ልጅ (ደሴ) — ግንቦት 9

እማ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥልኝ። ስለ ጌሾው ያሉትን ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ «ኮባውን የት ነው የምናደርገው?» አለኝ።

ሳይንስ አስተማሪ (ወልድያ) — ግንቦት 10

እንዶድ እንዴት ሳይነሳ ቀረ? ሐረግ መሰል ቁጥቋጦ ነው፣ አጥር ላይ ይወጣል። ፍሬው ደርቆ ሲፈጭ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። እናቶቻችን ነጠላ የሚያነጡት በሱ ነበር።

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምነግራቸው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ የቢልሃርዚያ በሽታ ጥናት ላይ ነበሩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የምታስተላልፈው ቀንድ አውጣ ናት። ከዚያ ተነስተው ዓመታት አጠኑት። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙበት። ሁሉም የጀመረው እናቶች ጓሮ ካለ ቁጥቋጦ ነው።

ግን የ4 ዓመት ልጅ ስላለሽ አሁን አትትከይው። ፍሬው ሲበላ መርዝ ነው። ልጁ ከፍ ሲልና ሲገባው ያኔ ትከይ። ቁልቋልም እንደዚሁ። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ) — ግንቦት 10

እኔ አንድ ጥግ ላይ ቁልቋል አለኝ፣ ከድሮ ጀምሮ። አጋሙን ከጎኑ ልቀጥለው አስቤ ነበር።

ጋሽ ችግኝ (ሐይቅ) — ግንቦት 10

ልጄ፣ «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» ሲባል አልሰማህም? ይሄ ተረት ብቻ አይደለም። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የአጋሙ እሾኽ ቁልቋሉን ይወጋዋል፣ ወተቱ ይንጠባጠባል። ያ ወተት ደግሞ አጋም ሊለቅሙ የመጡት ልጆች ዓይን ውስጥ ይገባል። ሦስት ሜትር አራርቃቸው።

ደላንታ አፋፍ (ወገልጤና) — ግንቦት 12

ለናንተ ደጋ ነው የምትሉት ደሴ ለኛ ወይና ደጋ ነው። ስለዚህ ስለ ውርጭ ከኔ ስሙ።

ውርጭ እንደ ውሃ ነው፣ ወደ ዝቅታ ይወርዳል። ግቢሽ ተዳፋት ከሆነ ታችኛው ጥግ ይመታል፣ ላይኛው ይተርፋል። የአጥር ግድግዳ ካገደው ደግሞ እዚያው ይተኛል። ከጥቅምት እስከ ጥር አጋማሽ ድረስ አዲስ ችግኝ ማታ ማታ ሸፍኚ። እኛ በሰንበሌጥ ጎጆ ነገር እንሠራለታለን፣ ማዳበሪያ ከረጢትም ይሆናል። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ግለጪው።

ከፍ ላለ ቦታ አሜጃ ድንቅ ነው። ቢጫ አበባው ትልልቅ ነው፣ ብርድ አይፈራም። ቀጋም እንደዚያው፣ ብርድ አገሩ ነው። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ የራሳችን የምንላት የዱር ጽጌረዳ እሷ ብቻ ናት። ከተማ ውስጥ ግን የሚሸጠው የውጭ ጽጌረዳ ብቻ ነው። ቀጋ አበባዋ ነጭ ነው፣ ፍሬዋ ቀይ ብርቱካንማ ሆኖ ይበላል። ውስጡ ያለው ዘር ጸጉር አለው፣ ያሳክካል፣ ልጆችሽ ልጡን ብቻ ይብሉ። ቅርንጫፏ ይንጠላጠላል፣ እሾኋ ወደ ኋላ የተቆለመመ ነው። ስለዚህ ከመተላለፊያ አርቂያት።

ከጅዳ — ግንቦት 13

ሰላም ወገኖቼ። መርሳ ለእናቴ ቤት እያሠራሁ ነው። ይሄን ሁሉ ሳነብ እንባዬ መጣ። አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አሠሪዎቼ ለሽርሽር አብሃ የምትባል ተራራማ ከተማ ወሰዱኝ። ከመኪና ስወርድ ተራራው በሙሉ ጥድ ነው። የኛው ጥድ። ወይራም አየሁ። ቅጠሉን ቆርጬ አሸተትኩት፣ የእናቴ ወተት ዕቃ ሸተተኝ። ለካ ከባሕሩ ወዲያ ማዶም ይኸው ተክል ነው ያለው። ለእናቴ ደውዬ ወይራ እንድታስተክል ነገርኳት። መርሳ ላይ ይሆናል?

ጋሽ ችግኝ (ሐይቅ) — ግንቦት 13

ይሆናል ልጄ። ወይራ ድርቅም ብርድም ይችላል። በሰላም ግቢልን።

የጦሳ ሥር ልጅ (ደሴ) — ሰኔ 2

ውሃውን ሞከርኩት። ላይኛው ጥግ እስከ ማታ ጠፋ፣ ታችኛው ጥግ እስከ ጠዋት ግማሹ ነበር። ስብርባሪውን ሁለት ቀን ለቀምን፣ 14 ማዳበሪያ ከረጢት ወጣው። ልጄ ከፍርስራሹ ውስጥ የምድር ትል ስታገኝ በጣም ነው የተደሰተችው።

ችግኝ ሻጩ ጋ ደግሜ ሄድኩ። «ኮሽም ብታመጣልኝ አምስት እገዛለሁ» አልኩት። ስሜን ጻፈ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ወይራን ከፍሬ ማብቀል ይቻላል? ቀጋስ ከየት ይገኛል?

ጋሽ ችግኝ (ሐይቅ) — ሰኔ 3

ወይራ ከፍሬው ይበቅላል፣ ግን ትዕግሥት ይፈትናል። ፍሬው ጠቁሮ ሲበስል ልቀሚው። ሥጋውን በውሃ ዘፍዝፈሽ አሽተሽ አውልቂው። ውስጡ ያለው አጥንት እንደ ድንጋይ ነው። እንዳለ ብትቀብሪው ወራት ይተኛል። እኛ የምናደርገው ሾጣጣ ጫፉን በጉጠት ቀንጠስ ማድረግ ነው። ውስጡ ያለውን ዘር እንዳትነኪ ተጠንቀቂ። ከዚያ ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ አቆይተሽ ዝሪው። ካስር ሦስት አራቱ ከበቀለልሽ ደስ ይበልሽ። ለዘንድሮ ግን የደረሰ ችግኝ ግዢ፣ ፍሬውን ለልጅሽ ተይላት። የራሷ ዛፍ ይሁን።

ቀጋ ከሥሯ ቡቃያ ታወጣለች። ቀጋ ያለው ዘመድ ጋ ሄደሽ ሥር የያዘ ቡቃያ በአካፋ ቆርጠሽ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለሽ አምጪ። የዚያኑ ቀን ትከይ። ከየጎፍ ደንም ሆነ ከሌላ ጥብቅ ደን ግን ማንም እንዳይነቅል። የቀረን እሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግቢና መስጊድ ግቢ ካለ አስፈቅዶ ዘር መልቀም ይበቃል።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ችግኝ የሚሞተው በውሃ እጥረት አይደለም፣ በአተካከል ነው። አሁን ሰኔ ላይ ጉድጓዱን ቆፍረሽ ክፍት ተይው፣ ፀሐይና ዝናብ ይየው። ስትቆፍሪ የላይኛውን ጥቁር አፈር ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ ክመሪ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ መሬቱን ሲያርሰው ትተክያለሽ። ላስቲኩን ቅደጂና አውጪ። ሰው ላስቲኩን እንዳለ ሲቀብር አይቻለሁ። ዛፉ ሁለት ዓመት ይኖርና ቀጥ ይላል። የችግኙ ሥር ከሥር እንደ ቀለበት ከዞረ በምላጭ ቁረጪው። አትፍሪ፣ አዲስ ያወጣል። የተጠማዘዘ ሥር ከተተወ ግን ከዓመታት በኋላ ራሱን ያንቃል።

የላይኛውን አፈር ከበሰለ ፍግ ጋር ቀላቅለሽ መጀመሪያ አስገቢ። ችግኙ በላስቲክ ውስጥ ከነበረበት ጥልቀት አይለፍ። በእግርሽ ጠቅጠቅ አድርጊ። ከላይ ጉዝጓዝ አልብሺው፣ ገለባም ሣርም ይሆናል። ከግንዱ ግን አራት ጣት አርቂው፣ አለበለዚያ ግንዱ ይበሰብሳል።

ወልድያ መናኸሪያ (ወልድያ) — ሰኔ 3

ጋሼ፣ ላስቲኩን እንዳለ ከሚቀብሩት አንዱ እኔ ነበርኩ። ለካ ያ ጽጌረዳዬ የሞተችው በዚህ ነው። ዘንድሮ አጥሩን ባልነካውም ፊት ለፊት ሁለት አንፋር ልሞክር። ዘሩ ከየት ይገኛል?

ደላንታ አፋፍ (ወገልጤና) — ሰኔ 4

እኔ ጋ አለ። በመኪና እልክልሃለሁ፣ በውስጥ መስመር አናግረኝ።

የጦሳ ሥር ልጅ (ደሴ) — ጥቅምት 11

ከክረምቱ በኋላ ተመልሼ መጣሁ። የተከልነውን እነግራችኋለሁ።

ሐምሌ 8 ቀን ነው የጀመርነው። ከጀርባ 22 ሰንሰል፣ መሀል መሀሉን 5 ኮሽም። ሻጩ ኮሽሙን አመጣልኝ። «ሌላ ሁለት ሰው ጠይቆኛል» አለኝ፣ ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ፊት ለፊት አንድ አንፋር፣ አንድ ወይራ። ከቤቱ ጥግ ሦስት ጌሾ። ከኩሽናው በር አጠገብ ዳማከሴ፣ ኮሰረትና ግራዋ። ታችኛው ጥግ ውሃ ስለሚተኛበት ኮባውን እዚያ አደረግነው፣ ከፍ ባለ መደብ ላይ።

ቀጋ ፍለጋ ኩታበር ሄድኩ። የአያቴ ቤት አሁን የሌላ ሰው ነው። ቀጋዋ ግን እዚያው ናት፣ አጥሩን ተሻግራ መንገድ ወጥታለች። ባለቤቷ ሴትዮ የአያቴን ስም ስጠራላት አቅፋ ሳመችኝ። ሦስት ቡቃያ ቆርጣ ሰጠችኝ፣ ቡና ሳልጠጣ አልለቀቀችኝም። ሁለቱ ደረቁ። አንዷ አዲስ ቅጠል አውጥታለች።

ሰንሰሉ አራት ሞቷል፣ ሌላው ወገብ ድረስ ነው። ግራዋው ከኔ ይረዝማል፣ ቆርጬ ለጎረቤት ሰጠሁ። ወይራው ያው ነው፣ ቆሞ ያየኛል። ልጄ በየሳምንቱ በክር ትለካዋለች።

አንድ ጥፋት አለ። ነሐሴ ላይ የግቢው በር ተከፍቶ አድሮ ፍየል ገባ። ሁለቱን ጌሾ እስከ ግማሽ በላቸው። እንደገና እያቆጠቆጡ ነው። አሁን ሦስቱንም በእሾኽ አጥሬአለሁ።

ደላንታ አፋፍ (ወገልጤና) — ጥቅምት 11

ውርጭ ገብቷል። ዛሬ ማታ ኮባውን ሸፍኚው፣ ቶሎ የሚመታው እሱ ነው። ግራዋውንም ከቻልሽ።

የጃሪዋ እናት (ተሁለደሬ) — ጥቅምት 12

ጌሾ በፍየል አይሞትም፣ አብሽሪ። ከሥሩ በእጥፍ ይወጣል። ለዓመት ቅጠሉን አትልቀሚ፣ ጉልበት ያግኝ።

የጦሳ ሥር ልጅ (ደሴ) — ጥር 20

ዝናብ ከቆመ ወዲህ ያለውን ልንገራችሁ። ውሃው በፈረቃ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ትንሽ ዛፍ ባለ ሁለት ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑን በመርፌ በስቼ ከሥሩ ዘቅዝቄ ተከልኩ። በሳምንት ሁለቴ እሞላዋለሁ። ቀስ እያለ ይንጠባጠባል። የአትክልት ማጠቢያ ውሃም አይደፋም፣ ሳሙና የነካውን ብቻ ነው የማላጠጣው። ባለቤቴ ጀሪካን ተሸክሞ ሲያጠጣ ጎረቤት ያየዋል፣ እሱም «ኮሽም ነው» እያለ ያስረዳል።

ኮባው አንድ ቅጠሉ በውርጭ ተቃጠለ፣ ልቡ ግን ደህና ነው። ከአምስቱ ኮሽም አንዱም አልሞተም። ቀጋዋ ጉልበቴ ደርሳለች። ትናንት ጠዋት ደግሞ አንዲት አብረቅራቂ፣ ምንቃሯ ቀጭንና ጠማማ የሆነች ትንሽ ወፍ ሰንሰሉ አበባ ላይ መጣች። ልጆቹ ትምህርት ቤት ረፈደባቸው፣ ዝም አልኩ።

ጋሼ፣ የቀረኝ ጥያቄ ይሄ ነው። ከኮሽሞቹ የትኛው ወንድ፣ የትኛው ሴት እንደሆነ አሁን ማወቅ ይቻላል? ሻጩ «ሁለቱን ንቀይና ለሌላ ስጪ» እያለኝ ነው።

ጋሽ ችግኝ (ሐይቅ) — ጥር 20

እስኪያብብ ድረስ ማንም አያውቅም ልጄ፣ እኔም አላውቅም። አምስቱንም አቆዪ። ሲያብቡ ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊ፣ ያኔ አብረን እናያለን።

ወልድያ መናኸሪያ (ወልድያ) — ጥር 21

አንፋሮቼ ሁለቱም ይዘዋል። አጥሩ ላይ ካለው ጥድ ሦስቱን ቆርጫለሁ፣ በቦታው ምን ልትከል?